ማንን እንውሰድ? የአሜሪካ ፉትቦል ደጋፊና የድራፍት ክርክር

አዲስ አበባ ላይ «ድራፍት» ካላችሁ አስተናጋጁ ጃምቦ ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ኤፕሪል ላይ፣ ቃሉ ሌላ ነው። ኤንኤፍኤል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ቡድኖቹ ከየኮሌጁ የሚወጡትን ወጣት ተጫዋቾች ተራ ይዘው የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው ድራፍት። ሥርዓቱ 3 ቀን ይፈጃል። ክርክሩ ግን ክረምት ከበጋ ነው። ደጋፊው ሥራ ቦታ፣ ፀጉር ቤት፣ ሬዲዮ ጣቢያ እየደወለ «እኛ ማንን እንውሰድ?» ሲል ይከርማል። «እኛ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ክለቡ ውስጥ አምስት ሳንቲም የሌለው ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጭራው ቀድሞ ይመርጣል

የአውሮፓን እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ ግራ ነው። እዚያ ብር ያለው ክለብ የፈለገውን ልጅ ይገዛል። እዚህ ልጁም ክለቡን አይመርጥም፣ ክለቡም ሀብታም ስለሆነ ብቻ አይወስደውም። ባለፈው የውድድር ዘመን ጭራ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈው የዙሩ መጨረሻ ላይ ይቆማል። በ7 ዙር ከ250 በላይ ልጆች ይመረጣሉ። አንድ ልጅ ለመመረጥ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ 3 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ የመሸነፍ ቅጣቱ ቀላል፣ ካሣው ትልቅ ነው። ዲሴምበር ላይ ቡድኑ ሲሸነፍ በሆዱ ደስ የሚለው ደጋፊ አለ። አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ።

ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። በ1930ዎቹ ጥሩ ጥሩዎቹ ልጆች ወደ ቺካጎና ኒው ዮርክ ይሄዱ ነበር። የቤል ቡድን የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። የመጀመሪያው ድራፍት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1936 እዚያው ፊላደልፊያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተካሄደ። 9 ቡድኖች፣ 90 ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ በቃ። አንደኛ የተመረጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነበር። በክፍያ ሳይስማሙ ቀሩ። ልጁም በኤንኤፍኤል አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ሌላ ሥራ ያዘ። በታሪክ የመጀመሪያው አንደኛ ምርጫ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ምልክቱ ያኔውኑ ታይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመታት በላይ ድራፍት የቢሮ ሥራ ሆኖ ቆየ። በ1980 ገና ዓመት ያልሞላው ኢኤስፒኤን የተባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ ላስተላልፈው አለ። የሊጉ ሰዎች ገረማቸው። ስም ሲጠራ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ሰው ግን አየ። ከ2015 ጀምሮ ድራፍቱ ከኒው ዮርክ ወጥቶ ከተማ ለከተማ ይዞራል። በ2024 ዲትሮይት ላይ በ3 ቀን ከ775,000 በላይ ሰው ወጣ። ኳስ የማይመታበት፣ ውጤት የማይመዘገብበት ዝግጅት ነው ይሄ!

ቀዳዳ መድፈን ወይስ ምርጡን ማንሣት?

ክርክሩ ሲጠቃለል ሁለት ሰፈር አለው። አንደኛው «ቀዳዳችንን እንድፈን» ይላል። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ ጨዋታውን የሚመራው፣ በየሳምንቱ እየተዘረረ ከሆነ ፊቱ የሚቆም ግድግዳ ይምጣ ነው የሚለው። ሁለተኛው «ተራችን ሲደርስ ከቀሩት ውስጥ ምርጡን እናንሣ፣ ቦታው በኋላ ይገኝለታል» ባይ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ዲትሮይት ሁለተኛውን መንገድ እስከ ጥጉ ሄዶበታል። በ2003፣ በ2004 እና በ2005 በተከታታይ የመጀመሪያ ምርጫውን ኳስ ተቀባይ ላይ አዋለ። ሦስተኛው ልጅ ማይክ ዊሊያምስ በ10ኛ ተራ ተወሰደ። ከእሱ ቀጥሎ በ11ኛ ተራ የተጠራው ዲማርከስ ዌር ዛሬ የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ነው። የከተማው ሰው የክለቡ ኃላፊ ማት ሚለን ይባረር የሚል ጽሑፍ ይዞ ስታዲየም ይገባ ጀመር። በ2008 ቡድኑ 16 ተጫውቶ 16ቱንም ተሸነፈ። እንግዲህ ደጋፊው አውቆ ነበር ትላላችሁ። ቆዩ። በ2023 ይኸው ቡድን በ12ኛ ተራ ጃሚር ጊብስ የተባለ ራኒንግ ባክ፣ ማለትም ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ ልጅ፣ ወሰደ። ራኒንግ ባክን ያን ያህል ቀድሞ መውሰድ ብክነት ነው ተብሎ ጉድ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ጊብስ የሊጉ ኮከብ፣ ቡድኑም 15 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ ሆነ።

የራኒንግ ባክ ነገር ራሱን የቻለ ፀብ ነው። ሥራው ሰውነትን ቶሎ ይጨርሳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የአዲስ ገቢ ደመወዝ በተመረጠበት ተራ ልክ ተወስኗል። ጥሩ ኳርተርባክ በዚያ ርካሽ ዋጋ ካገኛችሁ በተረፈው ብር ሌላ ቡድን ትሠራላችሁ። ራኒንግ ባክ ግን ገበያ ላይም ይገኛል ይባላል። የኒው ዮርክ ጃያንትስ በ2018 በ2ኛ ተራ ሳኩዋን ባርክሊን ሲወስድ ግማሹ ደጋፊ ጨፈረ፣ ግማሹ ፀጉሩን ነጨ። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ቡድኑ ግን አልተነሣም። ከዚያ በ2024 ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ 2,005 ያርድ ሮጠና ሱፐር ቦውል አነሣ። ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ «አላልኳችሁም?» ይላል።

ሌላው ነዳጅ ቁጥር ነው። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን የሚባል ፈተና አለ። ልጆቹ ይመዘናሉ፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ያነሣሉ፣ 40 ያርድ ይሮጣሉ። 36 ሜትር ተኩል ብትሉት ነው። በ2024 ዛቪየር ወርዚ በ4.21 ሰከንድ ጨርሶ ክብረ ወሰን ያዘ። የእጅ መዳፍ ሳይቀር ይለካል። በ2020 የጆ ባሮው መዳፍ 9 ኢንች ሆኖ አነሰ ሲባል ልጁ ራሱ ጡረታ ልውጣ እያልኩ ነው ብሎ ቀለደ። አንደኛ ተመረጠ፤ በሁለተኛ ዓመቱ ሲንሲናቲን ለሱፐር ቦውል አደረሰ። የመቶኛ ሰከንድ ልዩነት ይዞ ሲከራከር የሚያመሸው ሰው ግን አልቀነሰም።

ተራ መለዋወጥም ይቻላል። ለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጂሚ ጆንሰን ዳላስን ሲያሰለጥን ሥራ ላይ የዋለ የዋጋ ሰንጠረዥ አለ። አንደኛው ተራ 3,000 ነጥብ፣ 10ኛው 1,300፣ የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ 590። ደጋፊው ይህን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ይዞታል። የራሱን ንግድ ያቋቁማል፣ ለሌላው ቡድን የማይረባውን ይሰጣል፣ ለራሱ ኮከቡን ይወስዳል። በደጋፊ ንግድ ውስጥ የሚከስረው ሁሌ ሌላው ነው።

በቴሌቪዥን ደግሞ ባለሙያዎቹ አሉ። ቀንደኛው ከ1984 ጀምሮ የሚታወቀው ሜል ካይፐር ነው። ማን የት እንደሚሄድ አስቀድሞ የመገመቱን ነገር፣ «ሞክ ድራፍት» የሚሉትን፣ እንጀራው አደረገው። በ1994 የኢንዲያናፖሊስን ምርጫ ሲያጣጥል የቡድኑ ኃላፊ ቢል ቶቢን በቀጥታ ስርጭት ፈነዳ። ይሄ ሰው ማነው፣ ጎረቤቴ ፖስተኛው ከእሱ በምን ያንሳል የሚል ነበር መልሱ። ካይፐር ያጣጣለው ትሬቭ አልበርትስ በጉዳት ቶሎ አቆመ። ውሰዱት ያለው ትሬንት ዲልፈርም ለወሰደው ቡድን ብዙ አልሆነ። ፖስተኛው ቢጠየቅ ጥሩ ነበር።

አውቶቡሱ ከፊላደልፊያ ሲነሣ

ይህን ክርክር በአንድ ቀን ማየት የፈለገ ኤፕሪል 17 ቀን 1999ን ይይ። ፊላደልፊያ በ1998 የውድድር ዘመን 3 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነበር። 2ኛው ተራ ደረሰው። ከተማው የፈለገው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲውን ሪኪ ዊሊያምስን ነው። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ ሃይዝማን ተሸልሟል። ከንቲባው ኤድ ሬንዴል ሳይቀሩ ሪኪ ይምጣ ብለው ቀሰቀሱ። አንጄሎ ካታልዲ የተባለ የስፖርት ሬዲዮ አዘጋጅ 30 ያህል ደጋፊ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ኒው ዮርክ ወሰደ። የሄዱት ሊጨፍሩ ነው።

የሊጉ ኮሚሽነር የጠሩት ስም ዶኖቫን መክናብ ሆነ፤ የሲራክዩሱ ኳርተርባክ። ከሰገነት «ቡ!» የሚል የተቃውሞ ጩኸት ወረደ። ልጁ 22 ዓመቱ ነው። ሱፉን ለብሷል። ከልጅነቱ የጠበቀው ቀን ነው። ማልያውን ይዞ ለካሜራ ፈገግ ማለት አለበት። ፈገግም አለ። ግን ያቺን ጩኸት ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅባት ኖረ።

ሪኪን ኒው ኦርሊንስ በ5ኛ ተራ ወሰደው። አሰልጣኙ ማይክ ዲትካ የዚያን ዓመት ምርጫዎቹን በሙሉ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሁለት ጨምሮ፣ በድምሩ 8 ምርጫ ከፈለበት። ሁለቱ መጽሔት ሽፋን ላይ እንደ ሙሽሮች ወጡ። ሪኪ ቬሎ ለብሶ! ትዳሩ ዓመትም አልቆየም። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ ዲትካም ተባረረ። መክናብ ፊላደልፊያን 5 ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ማለትም ከሱፐር ቦውል በፊት ላለው ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ለሱፐር ቦውል አደረሰ። ክለቡ በ2013 5 ቁጥር ማልያውን ማንም እንዳይለብሰው አድርጎ ሰቀለው።

ደጋፊው ቂል ነበር ማለት ግን ይከብዳል። በዚያ ቀን ከ1 እስከ 3 የተጠሩት ሁሉም ኳርተርባኮች ነበሩ። 1ኛው ቲም ካውችና 3ኛው አኪሊ ስሚዝ ሁለቱም ከሸፉ። ሪኪም በ2002 ማያሚ ሆኖ በሩጫ ሊጉን መርቷል። መክናብን የመረጠው አዲሱ አሰልጣኝ አንዲ ሬይድ ነበር። በ2017 ካንሳስ ሲቲን ሲያሰለጥን ቡድኑ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ተራ ዘሎ በኋላ የሊጉ ትልቅ ኮከብ የሆነውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን አነሣ። ያን ዕለት ቺካጎ በ2ኛ ተራ የወሰደው ሌላ ኳርተርባክ፣ ሚቸል ትሩቢስኪን ነው። ለቺካጎ ደጋፊ ይህን ስታነሡ ራቅ ብላችሁ ይሁን።

ዋሽንግተን

ዋሽንግተን አካባቢ ላለው አበሻ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያደገ ልጅ፣ አባቱ ፕሪሚየር ሊግ ሲያይ እሱ የከተማውን ቡድን ያያል። አባትየው «ፉትቦል እያላችሁ በእጅ ትይዙታላችሁ» እያለ ያሾፍበታል። ቡድኑ በ2012 ሮበርት ግሪፈንን ለመውሰድ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። በዚያው ድራፍት በ4ኛ ዙር ከርክ ከዝንስ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ ሲጨምር ደጋፊው «ሁለት ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር። ግሪፈን ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቦታውን በኋላ የያዘው ከዝንስ ሆነ። በ2024 በ2ኛ ተራ የመጣው ጄደን ዳንኤልስ ግን በመጀመሪያ ዓመቱ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ አደረሳቸው። የ2027 ድራፍት እዚያው ዋሽንግተን እንዲሆን ተወስኗል።

262ኛው

በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ 3ኛውን ተራ ለማግኘት የሁለት ቀጣይ ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ጨምሮ ሰጠ። የትኛውን ኳርተርባክ እንደሚወስድ አልተናገረም። ከተማው አንድ ወር ሙሉ ታመሰ። ማክ ጆንስ ይሁን? ትሬይ ላንስ? ወይስ ጀስቲን ፊልድስ? ላንስ ተጠራ። ለክለቡ በቋሚ ተሰላፊነት የጀመረው 4 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን ተሰበረና በ2023 ለዳላስ ተሸጠ።

በመሃል የ2022 ድራፍት አለ። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ተራ፣ በ262ኛ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ብሮክ ፐርዲ የሚባል የአዮዋ ስቴት ኳርተርባክ ጠራ። የመጨረሻ ለሚመረጥ ልጅ ከ1976 ጀምሮ የሚሰጥ የቀልድ ማዕረግ አለ፤ «አቶ የማይረባ» እንደ ማለት ነው። ስለ ፐርዲ የተከራከረ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑን ይዞ ሱፐር ቦውል ገባ። በ2025 ደግሞ ማክ ጆንስ በመጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። የፐርዲ ተጠባባቂ ሆኖ።