በማሳል የሚሰረቅ ዋንጫ፦ ስለ ብሪጅ ውድድር ማጭበርበር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቤት ውስጥ ካርታ ስንጫወት አንዱ ለሌላው ሲጠቅስ ብንይዘው ስቀን እናልፈዋለን። በብሪጅ የዓለም ሻምፒዮና ግን እንዲህ ያለች ምልክት ዋንጫ ታስነጥቃለች። ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። አጣማሪ ለአጣማሪው መናገር የሚችለው ሕጉ በፈቀደው መንገድ፣ በጨረታው (ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል እንደሚያሸንፉ በየተራ በሚሰጡት ቃል) እና በሚጥለው ካርታ ብቻ ነው።

„አጭበርባሪ ካርታ እጅጌው ውስጥ ይደብቃል“

ይህ የፊልም ነገር ነው። በትልልቅ የብሪጅ ውድድሮች ካርታውን የሚደለድለው ኮምፒዩተር ነው። ያው ድልድል በሌላ ጠረጴዛም ይጫወታል፤ ውጤቱ የሚለካው ሁለቱን በማነጻጸር ነው። ስለዚህ ካርታ መስረቅ ብዙ አይጠቅምም። የሚሰረቀው መረጃ ነው።

„መከለያ ከቆመ ነገሩ አለቀ“

አጣማሪዎች እንዳይተያዩ ጠረጴዛው ላይ መከለያ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1975 ቤርሙዳ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና መከለያ ነበር። ግን ከጠረጴዛው በላይ ብቻ ነበር። አንድ ጣሊያናዊ በጫማው የአጣማሪውን እግር ሲነካ ታየ። ጥንዶቹ ተገሠጹ፤ ከዚያ ወዲህ የጠረጴዛው ሥርም ይዘጋ ጀመር።

ዓይን ተከለለ፣ እግር ተከለለ። ድምፅስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ባሊ ላይ በአንጋፋዎች ውድድር ሁለት ጀርመናዊ ሐኪሞች በማሳል ይነጋገራሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ብሎ አገዳቸው። አንድ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላ ይፈለጋል። መከለያው ግድ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

„የሚያጭበረብረው ችሎታ የሌለው ነው፤ ምልክቱም ረቂቅ ነው“

ሁለቱም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖርዌጂያዊው ቦዬ ብሮጌላንድ የቀድሞ የቡድን ጓደኞቹን፣ ሁለት ዝነኛ እስራኤላውያንን፣ በአደባባይ ከሰሰ። ከእነሱ ጋር ያሸነፋቸውን ዋንጫዎችም እንደሚተው ተናገረ። የገዛ ድልን ለእውነት ብሎ መተው ቀላል አይደለም፤ እኔ በጣም አከብረዋለሁ።

ተጫዋቾች የውድድር ቪዲዮዎችን ደጋግመው አዩ። ምልክቱ የተገኘው ካርታ የሚያዝበት ሰሌዳ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። ወዲህ ከተቀመጠ አንድ ትርጉም፣ ወዲያ ከተቀመጠ ሌላ። በቃ። ካሜራ ባይኖር ኖሮ ማን ልብ ይለው ነበር? ሁለቱም ኋላ ታገዱ።

„ጥርጣሬው ከበዛ መቅጣት ነው“

አይደለም። በዚያው ዓመት በዓለም ደረጃ ቁንጮ ላይ የነበሩ ሁለት ጣሊያናውያንም ተከሰሱ፦ ካርታ ሲጥሉ በቁም ወይም በአግድም በማኖር ይነጋገራሉ ተባለ። የአውሮፓ ብሪጅ ሊግ አገዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ብሎ እገዳውን ሻረ። ብዙዎች ተናደዱ። ለእኔ ግን የሰው ስምም እንደ ዋንጫው መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቪዲዮው፣ የጨዋታው መዝገብና ስሌቱ ከክሱ በፊት ተሟልተው መቅረብ አለባቸው።

„በኢንተርኔት ከሆነ ማጭበርበር አይቻልም“

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የታየው ተቃራኒው ነው። ስልክ መደወል ቀላል ሆነ። አንዳንዶች በሌላ ስም በተመልካችነት ገብተው የሁሉንም ካርታ አዩ። ሥርጭቱን ማዘግየት ይረዳል።

„ማጭበርበር ከሌለ ዳኛ ምን ይሠራል?“

ብዙ ሥራ አለው። አንድ ተጫዋች በጨረታው ላይ ረጅም ጊዜ ካመነታ፣ ሳይፈልግ ለአጣማሪው „እጄ አስቸጋሪ ነው“ ብሎ የነገረው ያህል ነው። አጣማሪው በዚያ መረጃ እንዳይጠቀም ሕጉ ይከለክለዋል። ጨረታው በመከለያው ሥር በትሪ የሚተላለፈውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የዘገየው ማን እንደሆነ ከወዲያኛው ወገን በቀላሉ አይለይም። መረጃው ተጠቅሞበት ከተገኘና ተቃራኒውን ቡድን ከጎዳ ዳኛው ውጤቱን ያስተካክላል። ተጫዋቹን ግን ሌባ አይለውም።