ዩኤስቢ 0 የነበረው ለምን ዩኤስቢ 1 ሆነ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት የአርዱይኖ ቦርዶች (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ሰክታችኋል እንበል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊኑክስ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 (ttyUSB0) ብሎት የነበረው ቦርድ 1 ሊሆን ይችላል። ቦርዱ አልተበላሸም! ቁጥሩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዕቃዎቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጠው ተራ ነው። ፕሮግራም ፖርቱን ከፍቶ ሳለ ገመዱ ቢነቀልም 0 እንደተያዘ ይቆያል፤ መልሳችሁ ስትሰኩት 1 ይባላል።

ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ቁጥሩን አትጻፉ። ሊኑክስ የተሰኩ ዕቃዎችን በሚያሳይበት ዴቭ ፎልደር ውስጥ፣ ሲሪያል በሚለው ፎልደር ስር «ባይ አይዲ» የሚባል ፎልደር አለ (/dev/serial/by-id)። እዚያ ያለው ስም ከነቦርዱ መለያ ቁጥር ስለሆነ አይቀያየርም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያሉት፣ ቦርዱን ከዩኤስቢ የሚያገናኙት የሲኤች 340 ቺፖች ብዙ ጊዜ የየራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም። ሁለቱ ቦርዶች በአንድ ስም ይጋጫሉ። ያኔ እዚያው ሲሪያል ስር ያለው «ባይ ፓዝ» ይሻላል። እሱ የሚከተለው የተሰካበትን ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ አትቀያይሩ።