የዋሻ ሥዕል ምንድን ነው?

ባለፈው ሐሙስ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ሾፌሩ ራዲዮ ከፍቷል። አንድ እንግዳ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከከተማ በራቀ ውድ ሎጅ ያሳለፋቸውን ሦስት ቀናት ይተርካል። አተራረኩ ደስ ይላል። ቁርሱን፣ ከዋክብት ሥር የበላውን እራት፣ ማለዳ ከመስኮቱ ሥር ሲግጥ ያየውን የሜዳ አህያ አንድ በአንድ ነገረን። ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ እንዲህ አለ፦ «ግቢው ውስጥ የዋሻ ሥዕሎችም አሉ። ያው የዋሻ ሰዎች ያደኑትን እንስሳ ግድግዳ ላይ እየሳሉ ማስታወሻ ይይዙ ነበር።» ጠያቂዋ «ወይ ጉድ!» አለችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

ይቺን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከአስጎብኚ ሰምቻታለሁ። ከመምህር ሰምቻታለሁ። አምስት ኪሎ ሙዚየሙ በር ላይ አንድ አባት ለልጁ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ሁሌም የታወቀ ነገር ተደርጋ ስለምትነገር ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን ሥራዬ የሥዕል ጥገና ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቀለሙ ከምን ይሠራል፣ በምን ይቀባል የሚለውን ልዝለለው። ቀይ አፈር ነው፣ ነጭ አፈር ነው፣ ከሰል ነው፤ የቀረውን የትም ታገኙታላችሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዚያች አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ፦ «ዋሻ»፣ «የዋሻ ሰው» እና «የአደን ማስታወሻ»።

«ዋሻ»ን ቶሎ ልለፋት። ፈረንሳይ ያለው ላስኮ እውነተኛ ዋሻ ነው። ጨለማ ነው፣ ጥልቅ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ለጎብኚ የተዘጋውም የሰው ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስለጎዳ ነው። የደቡብ አፍሪካዎቹ ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ቦታ አይደሉም። ዓለቱ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሥዕሉ ከሥሩ ነው። ብርሃን ይገባዋል፣ ንፋስ ይነካዋል። ስለዚህ «የዓለት ሥዕል» ብንለው ይሻላል። «የዋሻ ሥዕል» ካለኝ ሰው ጋር ግን አልጣላም፤ ቃሉ ለምዷል። እኔም ርዕሱ ላይ ተጠቅሜበታለሁ።

«የዋሻ ሰው» ላይ ግን እጣላለሁ። እዚያ አካባቢ የሳሉት ሳን የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። ዘሮቻቸው ዛሬም በቦትስዋና፣ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ይኖራሉ። አንዳንዱ ሥዕል በጣም ያረጀ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፈረስ፣ ጠመንጃና የነጭ ሰፋሪዎችን ጋሪ ያሳያል። የጎንደር ግንብ ቆሞ ካበቃ በኋላ የተሳሉ አሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ማስታወሻው።

እስቲ አንድ እንግዳ ሰው አስቡልኝ። ክርስትና የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። አማርኛም ግእዝም አይችልም። ከአራዳ ጊዮርጊስ ይነሳና ባገኘው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እየገባ ሥዕል ያያል። በየደረሰበት ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ወጣት አለ። በጦር ዘንዶ ይወጋል። ከጎኑ አንዲት ልጅ ዛፍ ላይ ወጥታለች። ሰውዬው ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል፦ «የዚህ አገር ሰዎች በፈረስ ሆነው ዘንዶ ያድኑ ነበር። ሴቶች ዛፍ ላይ ሆነው አደኑን ያያሉ።»

የት ላይ ተሳሳተ? ፈረሱ ፈረስ ነው። ጦሩም ጦር ነው። ልጅቷም ዛፍ ላይ ናት። ያየውን በትክክል ነው የጻፈው። ግን ብሩታዊትን አያውቃትም። ሰማዕቱን አያውቀውም። ዘንዶው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አላገኘም። ራዲዮ ላይ የነበረው ወንድማችንም ያደረገው ይህንኑ ነው።

«እንስሶቹ የሚታደኑ ናቸው እኮ» የሚል ይኖራል። እሺ። ድራከንስበርግ በሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ተራሮች አጥኚዎች ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቆጥረዋል። ከእንስሳት መሀል ጎልቶ የሚደጋገመው ኤላንድ ነው። ኤላንድ የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቁመናው ግን ከበሬ አይተናነስም። እኛም አገር ኦሞ ፓርክ አለ። ሰዎቹ ይበሉባቸው የነበሩትን ቦታዎች ቆፍረው አጥንቱን ሲያዩ ደግሞ ብዙው የትናንሽ እንስሳት ሆነ። የተሳለውና የተበላው አልገጠመም። እኛ ዘንድስ? በሳምንት ስንት ቀን ሽሮ እንበላለን? ሽሮ የተሳለበት ቤተ ክርስቲያን ግን አላየሁም። የመጨረሻው እራት ይሳላል፤ ማዕድ አለ፣ ኅብስት አለ። ያንን አይቶ «ሰዎቹ የሚበሉትን መዝግበው ነው» የሚል ምእመን የለም።

ምሳሌዬን ትንሽ ልግፋበት። በጥንቱ የሥዕል ወጋችን ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አያቶቻችን ይህን ሳይቸገሩ ያነቡታል። የሳን ሥዕልም እንዲህ ያለ የራሱ ፊደል አለው። ከአፍንጫ የሚወርድ ቀይ መስመር አለ። የተጠላለፉ እግሮች አሉ። የቆመ ጠጉር አለ። ድራከንስበርግ ውስጥ ጌም ፓስ በሚባለው ቦታ አንድ ኤላንድ ተስሏል። ሊሞት ነው። ጭንቅላቱ ወርዷል፤ የኋላ እግሮቹ ተጠላልፈዋል። ከኋላው አንድ ሰው ጅራቱን ይዞ ቆሟል። የሰውየውም እግሮች ልክ እንደ ኤላንዱ ተጠላልፈዋል። የእግሩ ጫማ ሲታይ ደግሞ ሰኮና ነው። አዳኝ ከሆነ ሰኮናውን ከየት አመጣው?

መልሱ ያለው ጭፈራው ውስጥ ነው። የሳን ፈዋሾች በሴቶች ጭብጨባና ዜማ ታጅበው ራሳቸውን እስኪስቱ ይጨፍራሉ፤ አንዳንዴ እስኪነጋ። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ አፍንጫቸው የሚደማበት ጊዜም አለ። ይህን ሁኔታ እነሱ ራሳቸው «መሞት» ይሉታል። ኤላንድ ለእነሱ ታላቅ ኃይል ያለው እንስሳ ነው፤ ፈዋሹ ከዚያ ኃይል ይካፈላል። ስለዚህ ጌም ፓስ ላይ ኤላንዱም ሰውየውም አብረው እየሞቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት ታወቀ? ከራሳቸው አፍ። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ውስጥ ዊልሄልም ብሌክ የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅና የሚስቱ እህት ሉሲ ሎይድ፣ እስረኛ የነበሩ፣ ካም የሚባለውን የሳን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን ቤታቸው አስቀምጠው ተረታቸውንና እምነታቸውን ጻፉ። ብሌክ በ1875 ሲሞት ሎይድ ቀጠለችበት። ሁሉም ሲደመር ከ12,000 ገጽ በላይ ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ካቦ ይባላል። አገሩ እየናፈቀው፣ ታሪኩ እንዲጻፍለት ብሎ የቆየ ሰው ነው። የካም ቋንቋ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ቢሆንም ደቡብ አፍሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. አርማዋን ስትቀይር መፈክሩን በዚያ ቋንቋ ነው የጻፈችው። አርማው መሀል ላይ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት ሰዎችም ሊንተን ከሚባለው የዓለት ሥዕል የተወሰዱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የሙያ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። የካም ሰዎች ይኖሩ የነበሩት ከድራከንስበርግ በጣም ርቆ ነው። የአንዱን ቃል ለሌላው ሥዕል ማንበቢያ ማድረግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁሉም ነገር በጭፈራው አይፈታም የሚሉ አጥኚዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ወደ አደን ማስታወሻ የሚመልሰን ክርክር ግን አይደለም።

እኔ የዓለት ሥዕል አጠባበቅ የተማርኩት ሴደርበርግ ውስጥ ነው፤ ከኬፕታውን በስተሰሜን ያሉ ተራሮች ናቸው። ሮይቦስ የሚባለው ቀይ ሻይ አገሩ እዚያ ነው። ቡሽማንስ ክሉፍ የሚባለው ሎጅ በግቢው ውስጥ ብቻ ከ130 በላይ የሥዕል ቦታዎች አሉት። አንበሳ ስለሌለ በእግር ይኬዳል። በሥልጠናው ጊዜ እኛም እዚያው አካባቢ አንድ ሎጅ ውስጥ ሁለት ሌሊት አድረናል።

በሁለተኛው ቀን ገና ፀሐይ ሳትወጣ ተነሳን። ብርድ ነበር። ከዓለቱ ሥር ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት የእጅ አሻራ ነው፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ የልጅ እጅ የሚያህል። ከእሱ በላይ የመዳፌን ያህል የሆኑ እንስሳት ተደርድረዋል። አንደኛው ግማሽ ነው። የኋላ አካሉ የለም። የተላጠ መሰለኝ፤ ጠጋኝ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የተላጠ ነገር ነው። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጠጋሁ። ቀለሙ አልተላጠም። የቀዩ ዱቄት በአሸዋማው ዓለት ቅንጣት መሀል እንደገባ አለ። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው ያቆመው። እንስሳው ከስንጥቁ እየወጣ ነው።

ዴቪድ ልዊስ-ዊሊያምስ የሚባሉት ደቡብ አፍሪካዊ አጥኚ ዓለቱን በመጋረጃ ይመስሉታል። በዚህኛውና በመናፍስቱ ዓለም መሀል የተዘረጋ መጋረጃ። ፈዋሹ ከመጋረጃው ወዲያ ያየውን ወዲህ አምጥቶ ይስለዋል። ለእኛ ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም። መቅደሱ ፊት ያለውን መጋረጃ አስቡት። የቅዳሴ ሰዓት ሲዘጋና ሲከፈት ያደገ ሰው፣ መጋረጃ ጨርቅ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ ሥዕሉን ከዓለቱ ነጥሎ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ግማሹ ይቀራል። ስንጥቁም፣ ጉብታውም የሥዕሉ አካል ነው።

ምሳሌዬ የሚሰበረው ጥገናው ላይ ነው። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ በጥንቃቄ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይለጠፋል። የዓለቱ ሥዕል ይህ ዕድል የለውም።

ቀለሞቹም እኩል አይቆዩም። ቀዩ ዓለቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ነጩ ቶሎ ይረግፋል። ሴደርበርግ አካባቢ ጭንቅላታቸው እንደ መንጠቆ የጎበጠ፣ ፊት የሌላቸው ሰዎች ተስለው ታያላችሁ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው ያለኝ ሰው አለ። አይደሉም። ፊታቸው በነጭ ተስሎ ነበር። ነጩ ረገፈ፤ ቀዩ ጠጉር ብቻ ቀረ።

ውኃ ደግሞ ሥዕል ገዳይ ነው። አንድ ቦታ አስጎብኚው የፕላስቲክ ጠርሙሱን ከፍቶ ሥዕሉ ላይ ውኃ ሲረጭ በዓይኔ አይቻለሁ። ፎቶው እንዲያምር ነው። እውነትም ለአንድ ደቂቃ ቀለሙ ደመቀ፤ ሁሉም አነሱ። ውኃው ግን ዓለቱ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል። ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ይሆናል፤ የቀለሙን ቅንጣት ከሥሩ ገፍቶ ይጥለዋል። ያን ቀን ለመናገር ድፍረት አጥቼ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ዕድሜም ሁለት ቃል። «10,000 ዓመት» ሲባል ትሰማላችሁ። ቀይ አፈር የብረት ዝገት ነው፤ ካርቦን የለውም። በካርቦን የሚለካው ከሰል ወይም ሌላ ከሕይወት የመጣ ነገር ያለበት ቀለም ነው። ከሰሉም ከሥዕሉ በፊት የቆየ ሊሆን ይችላል። ቦትስዋና ውስጥ ቀለማቸው በቀጥታ ተለክቶ ከ5,000 ዓመት በላይ የሆኑ ሥዕሎች ተገኝተዋል። ያ ቁጥር የእነዚያ ሥዕሎች ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ላለው አይሠራም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሮጥም አለ። እዚያ አጠገብ ለጋ ኦዳ ብዙ ከብት ተስሏል፤ ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ሻኛ የላቸውም። ዲላ አካባቢ ደግሞ ዓለት ላይ የተፈለፈሉ ከብቶች አሉ። «እነዚህም የፈዋሾች ራእይ ናቸው» ያለኝ ወጣት አስጎብኚ ነበር። ቀስ በል አልኩት። እነዚህ የአርቢዎች ከብቶች ናቸው፤ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ዘመን። የለጋ ኦዳን ሠዓሊዎች ቁጭ ብሎ እያዳመጠ 12,000 ገጽ የጻፈልን የለም። የሳንን መዝገበ ቃላት ለእነሱ ማዋስ፣ በአረብኛ መዝገበ ቃላት ግእዝ ለመፍታት እንደመሞከር ነው። ዘመድ ቃል ልታገኝ ትችላለህ፤ አረፍተ ነገሩን ግን አታነበውም።

ራዲዮ ላይ የነበረው ወንድማችን ከመስኮቱ ሥር ያየው የኬፕ ተራራ የሜዳ አህያ ከሆነ፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን መሀል ከመቶ በታች ቀርቶ የነበረ እንስሳ ነው። ሲግጥ ቆሞ እንዳየው ከንግግሩ ያስታውቃል። ዓለቱ ፊትም እንዲሁ ቁሙ። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ማለዳ ሂዱ። የውኃ ጠርሙሱን ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ሁለት እርምጃ ራቅ በሉና ከእንስሳው በፊት ስንጥቁን ፈልጉ። ከዚያ ከየት እየወጣ እንደሆነ ተመልከቱ።