ብዙ የቲማቲምና የአትክልት ዝርያዎችን በጓሮ ማልማት፦ የመጀመሪያው ዓመት

በአዲስ የጓሮ መሬት ላይ አንድ ዝርያ ብቻ የተከለ ሰው ምርቱ ሲበላሽበት ጥፋቱ የዝርያው ይሁን የአፈሩ፣ የወቅቱ ይሁን የውሃው መለየት ይቸግረዋል። አምስት ዝርያ ጎን ለጎን የቆመበት መደብ ግን መልሱን ያሳያል። አራቱ ጤነኛ ሆነው አንዱ ብቻ ከደረቀ ነገሩ የዝርያው ነው፤ አምስቱም አበባቸውን ካረገፉ መመርመር ያለበት ሙቀቱና ውሃው ነው። ይህ የሚሆነው ግን ከእያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ ሦስት አራት እግር ሲተከልና የትኛው የት እንደቆመ ሲጻፍ ነው። አንድ አንድ እግር ከሃያ ዝርያ መትከል ደስ ይላል እንጂ ብዙ አያስተምርም፤ ቆራጭ ትል አንዱን ቢያጋድመው ስለዚያ ዝርያ የሚታወቅ ነገር አይኖርም።

ወቅት ከዝርያ ይቀድማል። ቲማቲም ቀን ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይስማማዋል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ ወይም የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። አዲስ አበባን በመሰሉ ደጋማ ቦታዎች ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ያሰጋል፣ በክረምቱ ደግሞ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት የቅጠል በሽታ መደቡን በሳምንት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ውሃ ማጠጣት የሚችል የደጋ ጓሮ ዘሩን በታኅሣሥ መጨረሻ በተከለለ ቦታ ያፈላል፣ ችግኙን በየካቲት ይተክላል፣ ከባዱ ዝናብ ሳይገባም አብዛኛውን ይለቅማል። በመቂና በዝዋይ አካባቢ፣ በአዋሽ ሸለቆም ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚመረጠው ከመስከረም በኋላ ያለው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው።

ዝርያ ሲመረጥ ዋናው ልዩነት የአስተዳደጉ ነው። አንዱ ዓይነት ቁመቱ ተወስኖ እንደ ቁጥቋጦ ይሰፋና ፍሬውን በአንድ ሰሞን ይሰጣል፤ ሮማ ቪኤፍ እንዲህ ነው። በስሙ ላይ ያሉት ቪ እና ኤፍ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን የጠውልግ በሽታዎች መቋቋሙን ያመለክታሉ። ሌላው ዓይነት ሳያቋርጥ ሽቅብ እያደገ ወራት ያፈራል፤ መኒ ሜከር የዚህ ምሳሌ ነው። በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል መልካ ሾላ ለሰላጣም ለድልህም ይሆናል፣ መልካ ሳልሳ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ለድልህ ይመረጣል፣ ፈታን ቀድሞ ይደርሳል፣ ቢሾላ ትልልቅ ፍሬ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጓሮ አንድ የድልህ፣ አንድ ትልቅ ፍሬ፣ አንድ ቀድሞ ደራሽ፣ አንድ ረጅምና አንድ የቼሪ ቲማቲም ቢቀላቀሉ ጥሩ ነው። ቼሪው በተለይ አይቅር፦ ትንንሽ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች አየሩ ሲከፋም ይቋጥራሉ፣ ሌላው ባዶ ሲሆን ቤቱን ከፍሬ አያሳጡም።

ለጀማሪ 5 ሜትር በ5.5 ሜትር የሆነ፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይበቃል። በዚህ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት መደቦች ይወጣሉ፣ በመካከላቸው 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። መደቡ ከዚህ ከሰፋ መሃሉን ለማረም አፈሩን መርገጥ ግድ ይሆናል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውሃም ሥርም አያሳልፍም። አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ የሰርዶና የእንግጫ ሥር ተለቅሞ፣ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይደባለቅበታል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ መደቡ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካላለ ውሃ ይተኛና ሥሩ ይታፈናል።

የቲማቲም ዘር ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራና ሞቅ ባለ ቦታ ከ6 እስከ 10 ቀን ይበቅላል። የቃሪያ ዘር ቀስ ስለሚል ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይዘራል። የችግኝ መደቡ እስኪበቅል በሣር ይሸፈናል፤ ብቅ እንዳለ ሣሩ ያንኑ ቀን ይነሳል፣ ከዘገየ ችግኙ ቀጥኖ ይወድቃል። ዘሩ ተጠጋግቶ ተዘርቶ ውሃ ከበዛበት ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ይቀጥንና በጅምላ ይተኛል፤ መድኃኒቱ ማሳሳትና ጠዋት ጠዋት ብቻ ማጠጣት ነው። ዝርያዎቹ ችግኝ እያሉ መልካቸው ስለሚመሳሰል የስማቸው ምልክት መጻፍ ያለበት በዘሩ ቀን ነው። እስክሪብቶ ፀሐይ ላይ ይጠፋል፤ በእርሳስ በእንጨት ላይ የተጻፈ ግን ይቆያል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሞላው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የደረሰ ችግኝ ለመተከል ብቁ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ውሃው ይቀነስለታል፣ ጥላውም ይነሳለታል። ተከላው አመሻሽ ላይ ይሁን። የቲማቲም ግንድ አፈር ሲነካው ሥር ስለሚያወጣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተቀንጥሰው እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ ቃሪያ ግን በነበረበት ልክ ነው የሚተከለው። በአንድ መደብ ላይ ሁለት ረድፍ በ60 ሴንቲ ሜትር፣ በእግርና በእግር መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ሃያ እግር ይገባል፦ አምስት ዝርያ፣ አራት አራት እግር። ረጃጅሞቹ ሌላውን በማይጋርዱበት ጫፍ ይቁሙ። ለእነሱ 2 ሜትር የባሕር ዛፍ እንጨት 40 ሴንቲ ሜትር ይቀበርና ግንዱ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። በቅጠልና በግንድ ብብት ላይ የሚወጣው ቡቃያ በረጅሞቹ ላይ ገና ትንሽ ሳለ በጣት ይቀነጠሳል። በአጫጭሮቹ ላይ ይህን ማድረግ ምርቱን ራሱን መቁረጥ ነው።

በቀሩት ሦስት መደቦች ጎመን በ40፣ ቆስጣ በ25፣ ሽንኩርት በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ በብዛት የሚገኙ የሽንኩርት ዝርያዎች ናቸው። የቀይ ስርና የቆስጣ ዘር የሚባለው ብዙ ዘሮች የተጣበቁበት እንክብል ስለሆነ ከአንዱ ሁለት ሦስት ይበቅላል፤ ካልሳሳ ቀይ ስሩ እንደ ጣት ቀጥኖ ይቀራል። ካሮት ችግኙ አይዛወርም፣ ሥሩ ይሰነጠቃል። እዚያው ተዘርቶ በ5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳል፣ ለመብቀል ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚወስድም ላዩ መድረቅ የለበትም። ቃሪያ፣ ድንችና ደበርጃን ከቲማቲም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታም ይጋራሉ፤ ቢቻል ለሦስት ዓመት የአንዱ ቦታ ላይ ሌላው አይተካ።

የቲማቲም አብዛኛው ችግር ከውሃ አሰጣጥ ይመጣል። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ሲጎደጉድ ብዙ ሰው መድኃኒት ይረጫል፤ ይህ ግን ተባይ ወይም በሽታ ሳይሆን ውሃው ሲቋረጥና ሲበዛ ካልሲየም ወደ ፍሬው አለመድረሱ ነው። ያፈራ አንድ እግር በደረቅ ጊዜ በየሁለት ቀኑ ከ2 እስከ 3 ሊትር ከሥሩ ሥር ይፈልጋል፣ ሥሩ ዙሪያ የሚነጠፍ የደረቀ ሣር ጉዝጓዝ ደግሞ እርጥበቱን ያቆያል። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ቢጠወልግ ግንዱ ከታች ይቆረጥና ጫፉ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይንጠልጠል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ የባክቴሪያ ጠውልግ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ከነሥሩ ተነቅሎ ይወገዳል። ቅጠሉ ላይ ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ ጠባሳ ከታየና ውስጡ ትል ካለ ቱታ አብሶሉታ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተባይ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የተጠቃው ቅጠልና ፍሬ በየሳምንቱ ተለቅሞ በላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ብስባሹ ክምር ከተጣለ ግን እዚያው ይራባል።

በወቅቱ መጨረሻ በየዝርያው የመጀመሪያው ፍሬ የተለቀመበት ቀን፣ የተለቀመው ኪሎና የታመመው እግር ብዛት ይመዘገባል። የተመረጠው ዝርያ ሃይብሪድ፣ ማለትም ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ፣ ካልሆነ ዘሩ ይያዛል። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አምስቱ ዝርያዎች ጎን ለጎን ቢቆሙም ዘራቸው እምብዛም አይቀላቀልም። ቀይ ስርና ቆስጣ ግን በእጽዋት አመዳደብ አንድ ዝርያ ስለሆኑ፣ አብረው ካበቡ በነፋስ ይዳቀላሉ። ለዘር የሚሆነው የቲማቲም ፍሬ ከጤነኛ እግር በደንብ ቀልቶ ይለቀማል፣ ዘሩ ከነፈሳሹ በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን እንዲብላላ ይተዋል፣ ከዚያ የተንሳፈፈው ተደፍቶ የዘቀጠው ይታጠባል፤ ወረቀት ላይ ስለሚጣበቅ በሳህን ላይ ጥላ ሥር ደርቆ ስሙና ዓመቱ ይጻፍበታል።