ጽሞና ምንድን ነው?

አንድ ሰው «ዛሬ ጽሞና ላይ ነኝ» ካለ፣ ብዙ ጊዜ የምንረዳው ስልኩን ማጥፋቱን ነው። ፕሮቴስታንቱ ጓደኛዬ «የጽሞና ጊዜ» ሲል፣ ጠዋት ከሥራ በፊት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ የሚቀመጥባትን ግማሽ ሰዓት ማለቱ ነው። ኦርቶዶክሷ ጎረቤቴ ደግሞ ቃሉን ስትሰማ ሱባኤ፣ ገዳም፣ ዋሻ ነው ፊቷ ላይ የሚመጣው።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። በክርስትና ጽሞና ማለት ሰው በእግዚአብሔር ፊት ንግግሩን እያሳጠረ፣ ሐሳቡን እየሰበሰበ የሚቆይበት ጸሎት ነው። በልመና ሊጀመር ይችላል፤ ግን ልመና አይደለም። በንባብ ሊገባበት ይችላል፤ ግን ጥናት አይደለም። ዋናው ነገር መቆየቱ ነው።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀምሮ «አሜን» ላይ ሲደርስ መሃሉን የት እንዳለፈው የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ የጤፍ ዋጋ ትዝ ይለኛል። ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ የአከራዬ ፊት። አፍ ቀድሞ ይሄዳል፤ ልብ ኋላ ይቀራል። ጽሞና ልብ አፍን እስኪደርስበት መጠበቅ ነው ብል ብዙ የሳትኩ አይመስለኝም።

ይህን ችግር ከማንም በፊት በቁም ነገር የያዙት የግብጽ በረኸኞች ናቸው። በ4ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሰው ከተማውን ትቶ ወደ በረሃ ወጣ። በእኛ መጻሕፍት ገዳመ አስቄጥስ የምትባለው ቦታ የዚያ ዘመን ትልቅ መንደር ነበረች። ሰዎቹ ሚስትና ርስት ትተው ሲወጡ ሐሳባቸው ግን አብሯቸው ወጣ። ጫጫታው ከውጭ ሲጠፋ የውስጡ ጎልቶ ተሰማ።

ከበረኸኞቹ አንዱን፣ አባ መቃርስን፣ «እንዴት እንጸልይ?» ብለው ጠየቁት። ቃል ማብዛት አያስፈልግም አለ። እጃችሁን ዘርጉና «ጌታ ሆይ፣ እንደ ፈቃድህ፣ እንደምታውቀው ማረኝ» በሉ። ፈተናው ከበረታ ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ይበቃል። እሱ ምን እንደሚያስፈልገን ያውቃል። መልሱ ይኸው ነው።

ወደዚያ በረሃ ሄዶ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ዮሐንስ ካስያን የሚባል መነኩሴ ነበር። በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ፣ የሰማውን በላቲን ጻፈው። አባ ሙሴ ነገረኝ ብሎ ያስቀመጠው የወፍጮ ምሳሌ እስከ ዛሬ የሚተካው ያገኘ አይመስለኝም። ውኃ የሚያዞረው ወፍጮ አለ እንበል። ውኃው እስካለ ድረስ ወፍጮው አይቆምም። ባለቤቱ ዙሩን ማስቆም አይችልም። ስንዴ ይጨምርበት ወይስ እንክርዳድ፣ ያ ግን የእሱ ምርጫ ነው። አእምሮም እንዲሁ ነው። ሐሳብ አይቆምም፤ የምንሰጠውን ይፈጫል።

ለዚህ ነው ክርስቲያናዊውን ጽሞና «አእምሮን ባዶ ማድረግ» ብሎ መተርጎም የማያስኬደው። በረኸኞቹ ወፍጮውን ሊያቆሙት አልሞከሩም፤ እህል ሰጡት። ካስያን የሚመክረው ከመዝሙረ ዳዊት አንዲት ቁጥር ነው፤ አምላክ ለማዳን እንዲመለከት፣ ለመርዳት እንዲፈጥን የምትለምነውን። ሲበሉ፣ ሲሠሩ፣ ሲተኙ፣ ሲደሰቱ፣ ሲቆጡ ያችን ብቻ መደጋገም ነው። «ሳታቋርጡ ጸልዩ» የሚለውን የጳውሎስን ቃል ቃል በቃል ለመፈጸም የተገኘ ዘዴ ነበር።

በግሪኮቹ ዘንድ ይህች አጭር ጸሎት እያደር አንድ መልክ ያዘች። «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» የምትል ናት። ጥሪው በመንገድ ዳር ከተቀመጠው ከዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ፣ ልመናው ደረቱን ከደቃው ቀራጭ የመጣ ነው። በግሪክ ባለው የገዳማት ተራራ፣ በአቶስ፣ የነበሩ መነኮሳት አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፋሻቸውን አዘግይተው፣ ጸሎቷን ከአተነፋፈሳቸው ጋር ያስኬዷት ነበር። ከደቡብ ጣሊያን የመጣ በርላም የሚባል ምሁር ይህን ሰምቶ ሳቀባቸው። «ነፍሳቸው እምብርታቸው ውስጥ ያለች» ብሎ ስም አወጣላቸው። የአቶሱ ጎርጎርዮስ ፓላማስ መልስ ጻፈ፤ ነገሩ ሲኖዶስ ድረስ ሄደ፤ በ1341 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ቁስጥንጥንያ ላይ ለመነኮሳቱ ተፈረደ። የክርክሩ ሥነ መለኮት ጥልቅ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ፓላማስ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፦ ሰው የሚጸልየው ሥጋውንም ይዞ ነው።

እኛስ ጋ? «ኪርያላይሶን» የምንለው ራሱ ግሪክኛ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። ምሕላ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል ሰምቷል። መጀመሪያ አፍ ነው የሚለው። ሃያ ላይ እግር ይደክማል። ሠላሳ አካባቢ፣ ቀን ከሰጠ፣ ቃሉ ከአፍ ወደ ውስጥ ይወርዳል። መቁጠሪያ የተገኘውም ለዚህ ይመስለኛል። ቁጥሩን ጣት ይይዘዋል፤ ሐሳብ ከመቁጠር ያርፋል። እርግጥ መቁጠሪያውን እየገፋ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ሰፈር ወሬ የሚያወራም አይቻለሁ። ጣቱ ግን አልተሳሳተም።

አባቶች ይህን ጉዳይ በዘፈቀደ አልተዉትም። ከአራቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት (የትምህርት ዘርፎች) አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው። መጻሕፍቱ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ ይባላሉ። መጀመሪያ የተጻፉት በሱርስት፣ በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው፤ በዓረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ገቡ። ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ የተወለደው ያን ጊዜ ቤተ ቀጥራዬ በሚባለው በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ የዛሬዋን ኳታር በሚጨምረው አገር ነው። ዶሃ ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች ማታ ማታ የምትጸልይ እህት ይህን ብታውቅ ደስ የሚላት ይመስለኛል። የነነዌ ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ አምስት ወር ያህል ብቻ ቆየና ትቶ ወደ ተራራ ገባ።

በዚህ ትምህርት የቅዱሳን ማዕርጋት 10 ናቸው፤ በሦስት ይከፈላሉ፦ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና (የሥጋ፣ የነፍስ፣ የልቡና ንጽሕና)። የመጀመሪያዋ ማዕርግ ጽማዌ ነች፤ ዝምታ ማለት ነው። ቀጥላ ልባዌ ትመጣለች፤ የሚነበበውን፣ የሚሰማውን ማስተዋል። ሦስተኛዋ ጣዕመ ዝማሬ ናት። እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። የዜማው ጣዕም ማለት አፍ ያለውን ልብ መቅመሱ ነው። እስካሁን ውዳሴ ማርያም ሲደግም የኖረ ሰው አንድ ቀን ቃሉ ይጣፍጠዋል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ቀማሹ ነው የተለወጠው። ከዚያ ወዲያ አንብዕ፣ ማለትም እንባ አለ፤ ኵነኔ (ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት)፣ ፍቅር፣ ሑሰት (የመንፈስ እንቅስቃሴ) ይከተላሉ። ከላይኞቹ አንዷ ተሰጥሞ ትባላለች፤ በብርሃን ባሕር ውስጥ መስጠም። ስለእነዚህ መጻፍ ለእኔ ቢጤው ድፍረት ነው። ልብ ያልኩት ግን ዝምታ መጀመሪያ ላይ መቀመጧን ነው። እኛ የመጨረሻ፣ የበቁት ሰዎች ነገር አድርገን እናስባታለን። መጻሕፍቱ በር ላይ ነው ያስቀመጧት።

ማር ይስሐቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይላል። ጸሎት ራሱ የሚቆምበት ቦታ አለ ይላል። ሰው እየጸለየ ሳለ መደነቅ ይይዘዋል፤ የሚለምነው ነገር ይጠፋበታል። ይህን ነው «ተመስጦ» የምንለው። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ያስታውሱ። በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው። ንጉሡም አላየም፤ ያሬድም አልተሰማው። ዜማው ሲያልቅ ነው ደሙን ያዩት። ያሬድ ዝም አላለም እኮ! እየጮኸ ነበር። እንግዲህ ተመስጦ የድምፅ አለመኖር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ምዕራባውያን ሌላ መንገድ ይዘው ወደዚያው ደረሱ። በ12ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የግራንድ ሻርትሮዝ ገዳም አለቃ የነበረ ጊጎ 2ኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስን እየጸለዩ ማንበብን በአራት ደረጃ ከፈለው፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ተመስጦ። ማንበብ መብሉን አፍ ውስጥ ማግባት ነው አለ። ማሰላሰል ያኝከዋል። ጸሎት ጣዕሙን ያወጣል። ተመስጦ ጣፋጭነቱ ራሱ ነው። የእኛን ጣዕመ ዝማሬ የማያውቅ ሰው ጣዕም ላይ መድረሱ ያስገርመኛል። ላቲኖቹ ለዚህ ዓይነቱ ማሰላሰል የሚጠቀሙት ቃል ላም ስታመሰኳ የሚሉት ነው። የበላችውን መልሳ፣ ቀስ ብላ። በቀን አሥር ምዕራፍ ካላነበብኩ ለሚል ሰው ይቺ ላም ጥሩ አስተማሪ ናት።

የእስፓኟ መነኩሲት የአቪላ ተሬዛ (1515–1582) ደግሞ የአትክልት ቦታ ምሳሌ አላት። አትክልቱን ማጠጫ አራት መንገድ አለ። ከጉድጓድ በባልዲ መቅዳት፤ ክንድ ያዝላል። በመዘውር መሳብ፤ ይቀላል። ከወንዝ በቦይ መጥለፍ፤ ከዚያም ይቀላል። አራተኛው ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲመጣ አትክልተኛው ምንም አይሠራም፤ ሊያዘውም አይችልም። አብዛኞቻችን ባልዲው ላይ ነን። እሷም ባልዲውን አትንቅም።

ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። «አሕዛብ እንደሚያደርጉት በከንቱ አትድገሙ» ተብሎ የለም ወይ? ተብሏል። ክብደቱ ግን «በከንቱ» ላይ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ማቴዎስ ጽፏል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የሕንዶች ሜዲቴሽን ነው» የሚል ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቶማስ ኪቲንግ እና ሌሎች የካቶሊክ መነኮሳት አንድ ዘዴ ለምእመናን አስተዋወቁ፤ አንዲት አጭር ቃል መርጦ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ መቀመጥ። ብዙ ሰው ተጠቀመበት፤ ብዙ ሰውም ተጠራጠረው። ቫቲካን በ1989 ባወጣችው ደብዳቤ፣ የሰውነት መረጋጋትን ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር እንዳናምታታ አስጠንቅቃለች። በዚህ እስማማለሁ። ትንፋሽ ማዘግየት ያረጋጋል፤ መረጋጋት ደግሞ እንቅልፍም ይሰጣል። ክርስቲያኑ የተቀመጠው አንድ ሰው ፊት ነው፤ የሚጠራው ስም አለው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ልሞክረው ለሚል፣ ነገሩ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። በር የሚዘጋ ክፍል ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ታክሲ ውስጥም ይሆናል። አንዲት ቁጥር ወይም «እግዚኦ» ብቻ ይያዙ። ሐሳብ ሲሄድ አይቆጡት፤ ዝም ብለው ይመለሱ። መቶ ጊዜ ሊሄድ ይችላል። የነፍስ አባት ያለው ሰው ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ በተለይ ጾምና ስግደት ከተጨመረበት።

ቀድሞ የሚመጣው ብርሃን ሳይሆን መሰልቸት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብጽ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ፣ ዳዊት «የቀትር ጋኔን» ስለሚለው ሲጽፍ በበዓቱ፣ በብቸኝነት ክፍሉ፣ የተቀመጠ መነኩሴን ይሥላል። ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል። ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። በመስኮት ያያል፤ ማንም የሚመጣ ወንድም የለም። ወጥቶ ፀሐይዋን ይለካል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምን ያህል ቀረ? ዘጠኝ ሰዓት የመብል ሰዓት ነበር። ጾም ላይ ሰዓቱን ደጋግሞ ያየ ሰው ያንን መነኩሴ በደንብ ያውቀዋል።

ተሬዛም ስለ ራሷ የጻፈችው ከዚህ አይርቅም። ለዓመታት ያህል፣ የጸሎት ሰዓቷ እንዲያልቅ ትመኝ ነበር። ከጸሎቱ ይልቅ የምታዳምጠው ሰዓቱ ሲደውል ነበር።