የኤሌክትሪክ ጊታር ኪት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጊታር ኪት አካሉ ተቆርጦ፣ ጉድጓዶቹ ተቦርቡረው፣ አንገቱ ፍሬት (በአንገቱ ላይ የሚደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ተመትቶበት በካርቶን ይመጣል፤ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት)፣ ፒካፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት)ና ቪቴዎቹ በየፌስታሉ ናቸው። መቀባቱ፣ መግጠሙና ማስተካከሉ የገዢው ድርሻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ለቀለሙ ነው፤ ኪቱን የሚያበላሸው ግን ከቀለሙ በፊትና በኋላ የሚዘለለው ሥራ ነው። እዚህ የምናየው በጣም የተለመደውን፣ አንገቱ በአራት ቪቴ የሚታሰረውንና ሦስት ፒካፕ ያለውን የስትራቶካስተር ዓይነት ነው።

«መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ ገጠማ»

ተገላቢጦሽ ነው። ጊታሩ ጥሬ እንጨት እያለ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መገጠም አለበት። አንገቱን አስራችሁ ቀጭኑንና ወፍራሙን የዳር ክር ብቻ ወጥሩ። ሁለቱም ከአንገቱ ጠርዝ እኩል ካልራቁ አንገቱ ወይም ብሪጁ ዞሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ሜትር አውጡ፦ ክሮቹ በአንገቱ ራስ ከሚያርፉበት ነት እስከ 12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ቀጭኑ ክር ሳድልም (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚቀመጥበት ተንቀሳቃሽ ብረት) እንዲሁ። የወፍራሙ ክር ሳድል ደግሞ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መሄጃ ቦታ ይፈልጋል። የብሪጁ ቀዳዳ ቦታውን ስቶ ከተገኘ በጠንካራ እንጨት ችንካርና በኮላ ተደፍኖ እንደገና ይበሳል። ይህን በጥሬው እንጨት ላይ መሥራት ቀላል ነው፤ በተወለወለ ቀለም ላይ ግን ጠባሳ ያስቀራል።

የአንገቱን ማስገቢያ ኪስ ከመቀባታችሁ በፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። ውስጡ ከተቀባ ኪሱ ይጠባል፤ አንገቱ በግድ ሲገባ ቀለሙ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል።

ከኪት ጋር የሚመጡ ቪቴዎች ለስላሳ ብረት ናቸው። ቀዳዳ ሳይበሱ በካቻቪቴ መግፋት አንገታቸውን ይቆርጠዋል፤ የክር መወጠሪያዎቹ ትንንሽ ቪቴዎች በተለይ። ጥርሱን ሳይጨምር በቪቴው ግንድ ውፍረት በትራፓኖ ብሱ፣ ጥርሱን ሳሙና አስነኩት።

«እንጨቱ በለሰለሰ ቁጥር ቀለሙ ያምራል»

ወደ እንጨቱ ለሚሰርግ ቀለም ይህ አይሠራም። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ፣ በ180 አልፋችሁ፣ 220 ላይ አቁሙ፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የእንጨቱ ቀዳዳ ይደፈንና ቀለሙ ይገረጣል። ቀለም አብዝተው የሚጠጡት የአካሉ ጫፎች ብቻ እስከ 320 ቢሄዱ ይመከራል።

ሌላው ጠንቅ የማይታይ ነው። ብዙ ኪቶች ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ተቀብተው ይመጣሉ። አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፦ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ማሸጊያው አለ፣ ቀለም አይገባም። የፈሰሰ ኮላን ለማግኘት ደግሞ እንጨቱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ ኮላው ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይወጣል። የፊት ገጹ ውብ መስመር ያለው ከሆነ ምናልባት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ልባጥ ነውና እጃችሁን ቆጥቡ። በማሽን ከሆነማ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

«እጅ ላይ ካልተጣበቀ ደርቋል»

ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው። ናይትሮ ላከር (በቲነር ቀጥኖ የሚረጭ ቫርኒሽ) የሚደርቀው ቲነሩ በንኖ ሲወጣ ነው። ላዩ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ከሥር ያለው ግን ሳምንታት ይፈጃል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱ፤ ቲነር ከሸተተ ገና ነው። የመጨረሻው እጅ ከተረጨ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሳይቆይ ውሃ ሙረዳ (በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ) የተጀመረበት ጊታር ዛሬ መስታወት ይመስልና ከወር በኋላ የእንጨቱ መስመር ተመልሶ ይወጣበታል፤ ላከሩ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ናይትሮን በክረምት መርጨት ሌላ ጣጣ አለው፦ እርጥበቱ ላከሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ደመና ይፈጥራል። በጋውን መጠበቅ ይሻላል።

ለውሃ ሙረዳ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 በቅደም ተከተል፣ ውሃው ውስጥ ጠብታ ሳሙና ተጨምሮ። ጠርዝ ላይ አትጫኑ፤ ቀለም የሚላጠው ከዚያ ነው። የቪቴ ቀዳዳዎችንም ዝጉ። ውሃ ከገባባቸው እንጨቱ ያብጥና በዙሪያቸው ያለው ላከር ይሰነጠቃል።

ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የመኪና ላከር በቀናት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጭሱ ግን ሳንባ ይጎዳል፣ ተራ የአቧራ ማስክም አያቆመው። ለመኪና ቀቢ መስጠቱ ይመረጣል።

«ዘይት መቀባት ምንም አደጋ የለውም»

ጊታሩ ላይ የለውም፤ ጨርቁ ላይ አለው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ማድረቂያ የተጨመረበትን የእንጨት ዘይት ግዙ።

«ክሩ ከፍ ካለ ትረስ ሮዱን አጥብቅ»

ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ) የአንገቱን ጉብጠት ብቻ ነው የሚያስተካክለው። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን ማሰሪያ) አስራችሁ፣ ወፍራሙን ክር መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ፤ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በቂ ነው። ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። ከፍታውን የምታወርዱት በሳድሎቹ ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 አካባቢ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ሦስት ፍሬት የሚሸፍን ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጡበት፤ ከተወዛወዘ መሐለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። የርካሽ ኪት ፍሬቶች እኩል ተደርገው አይመጡም።

«የመዳብ ፎይል ጩኸቱን ሁሉ ያጠፋል»

ፎይል ጥዝጥዝ የሚለውን ይቀንሳል እንጂ ከመብራቱ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ነጠላ ጥቅልል ፒካፕ በማግኔት ስለሚቀበለው አያቆመውም። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ ከቀነሰ መሬቱ በትክክል ታስሯል። ክሩን ስትነኩ ካልተለወጠና የጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ብረት ስትነኩ ከቀነሰ፣ ወደ ብሪጁ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ተበጥሷል ወይም ጨርሶ አልተበየደም። ሽቦው የሚበየድበትን የፖቱን (የድምፅ መቆጣጠሪያውን) ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ጫር አድርጋችሁ በ40 ዋት ካውያ በደንብ አሙቁት፤ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ካልተንጣለለና እንደ ኳስ ከተቀመጠ አልያዘም። የቧንቧ ሠራተኛ አሲድ አትጠቀሙ፣ ሽቦውን ይበላዋል።

«ባዶ ክሩ ከተቃኘ ጊታሩ ተቃኝቷል»

12ኛው ፍሬት ላይ የተጫናችሁት ድምፅ ከዚያው ፍሬት ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርጎ የሚወጣ ድምፅ) ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ነቱ አቅጣጫ አንቀሳቅሱት፤ በእያንዳንዱ ለውጥ እንደገና ቃኙ። 12ኛው ልክ ሆኖ 1ኛው ፍሬት ላይ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ሳድሉን ተዉት፤ የነቱ ስንጥቅ ጥልቀት ይጎድለዋል። በክሩ ውፍረት ልክ በሆነ ቀጭን ሞረድ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አውርዱት።