ዘ ኤክስ፦ ጌታቸው መኩሪያን ያጀበው የሆላንድ ፐንክ ባንድ

ዘ ኤክስ በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው፤ ፐንክ ጩኸት የበዛበት፣ ያልተሽሞነሞነ የሮክ ዓይነት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ባንዱ ዛሬም አለ። ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈርሞት አያውቅም። ማናጀር የለውም። ሸክላውን ኤክስ ሬከርድስ በሚባል በራሱ ቤት ያሳትማል፤ ኮንሰርቱንም ራሱ ይነጋገራል። እኛ ዘንድ ስሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። የሚያውቀውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ «እነዚያ ከሳክስፎኒስቱ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር የሚጫወቱት ፈረንጆች» ብሎ ነው የሚያስታውሳቸው። ለእነሱ ይህ ቅር የሚያሰኝ አይመስለኝም።

ስማቸው አጭር የሆነው በምክንያት ነው። በቀለም መርጫ ግድግዳ ላይ ቶሎ ተጽፎ የሚያልቅ ስም ፈልገው ነበር። ሁለት ፊደል ብቻ (Ex)፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ። የመጀመሪያዎቹ አባላት ከአምስተርዳም ወጣ ብላ ከምትገኘው ከዎርመር አካባቢ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ሙዚቃ የተማረ አልነበረም። ማን ጊታር ይያዝ፣ ማን ይዝፈን የሚለውን በዕጣ እንደለዩት ይነገራል። ድምፃዊነቱ የወጣለት በመድረክ ስሙ ጂ ደብልዩ ሶክ የሚባለው ነው። ከመዝፈን ይልቅ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ግጥም ይወረውራል። ጊታሩን የያዘው ቴሪ ሄሰልስ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካሁን አልለቀቀውም።

ጊዜው በአምስተርዳም የቤት ችግር የበረታበት ነበር። ባለቤቶች ቤታቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪጨምር ይጠብቃሉ። ወጣቱ ደግሞ በሩን ሰብሮ ገብቶ ይኖራል። ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤያትሪክስ ዙፋን ላይ ስትወጣ ከተማዋ በረብሻ ታመሰች። «ቤት ከሌለ ዘውድ የለም» የሚል መፈክር ነበር የሚያስተጋባው። ዘ ኤክስ የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። የሚጫወቱትም እነዚያው ተሰብረው በተገቡ ቤቶች ውስጥና በወጣት ማዕከላት ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸው በዚያው ዓመት ወጣ።

ነፃነታቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት የድሮ ሸክላዎቻቸውን ማየት ይበቃል። በ1983 ዎርመር ስለነበረው የቫን ጌልደር የወረቀት ፋብሪካና ስለ ሠራተኞቹ አራት ትንንሽ ሸክላዎችን በአንድ ሳጥን አድርገው አወጡ። የትኛው ኩባንያ ነው ስለ ወረቀት ፋብሪካ አራት ሸክላ ይሸጥልኛል የሚለው? በ1986 ደግሞ ስለ ስፔን አብዮት ወፍራም የፎቶ መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለት ትንንሽ ሸክላዎች አብረው ተያይዘዋል። በ1991 በየሁለት ወሩ አንድ ሸክላ፣ በጠቅላላው ስድስት እናወጣለን ብለው ጀመሩ። እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አያመጡም። ግን ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው በሌለበት ቤት ሐሳብ ቶሎ ሸክላ ይሆናል።

አባላቱ እየተለዋወጡ ሄዱ። በ1984 ካትሪና ቦርንፌልድ ድራሙን ያዘች፤ ትዘፍናለችም። በ1990 አንዲ ሙር ከስኮትላንድ መጥቶ ሁለተኛው ጊታር ሆነ። ከዚያ ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ሁለት አልበም ሠሩ። እኔ ባንዱ መንገዱን የቀየረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከ1991ዱ አልበም ላይ ካትሪና የምትዘፍነው አንድ የሃንጋሪ የሕዝብ ዘፈን አለ። ፐንክ ብሎ የመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። ጩኸቱ አለ፤ ዜማው ግን የገበሬ ነው። የሌላ አገር ዜማን እንዲህ ሳያሽሞነሙኑ መያዝን ቀድመው ለምደውታል። ኋላ አዲስ አበባ ላይ ጠቀማቸው።

በመሃል አሜሪካዊው የሮክ ድምፅ ቀራጭ ስቲቭ አልቢኒ የቀረጻቸው ሦስት አልበሞች አሉ፤ የ1998፣ የ2001 እና የ2004። ድምፃቸው እንደ መድረክ ሆኖ የተቀረጸባቸው ናቸው። የሮክ ሰው ባንዱን የሚያውቀው በነዚህ ነው። ለጀማሪም ከእነሱ መጀመር ይሻላል።

ወደ ኢትዮጵያው ጉዳይ እንምጣ። ቴሪ በ1990ዎቹ አፍሪካን ሲዞር ኢትዮጵያ ገባ፤ ሙዚቃችንም ልቡን ወሰደው። በ2002 ባንዱ በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ መጣና ኮንሰርት አሳየ። በ2004 ተመልሰው መጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የባንዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር አምስተርዳም ላይ እንዲጫወትላቸው የጋበዙት እንግዳ ጌታቸው መኩሪያ ነበር።

ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለደ። በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። ገና በልጅነቱ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም ፖሊስ ኦርኬስትራ። ስሙን ያስጠራው ግን ሽለላን በሳክስፎን መጫወቱ ነው። ሽለላ እንግዲህ የዘማች ነው። ሰውየው ይንጎራደዳል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይዞት ይሄድና በመሃል ይቆርጠዋል። ጌታቸው ይህን ሁሉ፣ ማቃሰቱንና ማንቋረሩን ሳይቀር፣ በናሱ አፍ አወጣው። መድረክ ሲወጣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋል። የውጭ ጸሐፊዎች «ፍሪ ጃዝ ከመፈጠሩ በፊት ፍሪ ጃዝ የተጫወተ» ይሉታል፤ ፍሪ ጃዝ ማለት ከተቆጠረ ምትና ከተወሰነ ዜማ የተላቀቀ ጃዝ ነው። ማሞገሳቸው ነው፤ ግን ሰውየው ሲጫወት የነበረው ሽለላ ነው። ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ከአምስተርዳሙ ኮንሰርት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሽማግሌው ራሱ «አልበም እንሥራ፣ እናንተ አጅቡኝ» አላቸው። ሰባ ሊደፍን ምንም ያልቀረው ሰው፣ ያውም ሕይወቱን በሙሉ በዩኒፎርምና በኖታ ኦርኬስትራ ያሳለፈ፣ በሩ ተሰብሮ በተገባ ቤት ውስጥ ያደገ ፐንክ ባንድ መረጠ። እነሱም 25 ዓመት የራሳቸው አለቃ ሆነው ኖረው አጃቢ ለመሆን እሺ አሉ።

«ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ሽፋኑ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ ዘ ኤክስ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ስንቱ የውጭ ሙዚቀኛ ነው አንድ የአፍሪካ አንጋፋ ጠርቶ እንደ ቅመም ነስንሶት የራሱን ስም ከላይ የሚጽፈው? አልበሙ ላይ ትዝታ አለ፣ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ፣ «አልማዝ የሐረሯ» አለ። ክላርኔት፣ ትሮምቦንና ሌላ ሳክስፎን የያዙ እንግዶችም ተጨምረዋል።

«ቼ በለው ሽለላ» የሚለውን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ሽለላ የተቆጠረ ምት የለውም፤ ዘማቹ ባሰኘው ጊዜ ይይዛል፣ ባሰኘው ይለቃል። ለተራ አጃቢ ባንድ ራስ ምታት ነው። ድራመሩ ምት ካስገባበት ይሞታል፤ ዝም ካለ ደግሞ ሰውየው ብቻውን ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ግን ጩኸት ሲጫወቱ ነው የኖሩት። ጊታሮቹ ኮርድ አይመቱም፤ ከሥር ሆነው ይፋጫሉ፣ ይንገራገጫሉ። ቅኝቱን አይነኩበትም። ሳክስፎኑ ሲፎክር ከኋላው ጦር የቆመ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የድምፅ ማጉያዬ የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ ሰክቼዋለሁ።

አብረው አውሮፓን ዞሩ። ነሐሴ 2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ደጅ ላይ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተጫወቱበት ምሽት እነሱም ነበሩ። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የሚል ሁለተኛ አልበም አወጡ። ጌታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 2016 አረፈ። 81 ዓመቱ ነበር።

የቴሪ ነገር ከጌታቸው ጋር ብቻ አላበቃም። ቴርፕ የሚባል የራሱ ትንሽ ማሳተሚያ አለው። በ2004 ሆላንድ ትኖር የነበረችውን የኤርትራዊቷን ክራር ተጫዋችና ድምፃዊ የፀሃይቱ ባራኺን አልበም አሳተመ። ካዛንቺስ የነበረው የፈንዲቃ የባህል ማዕከል ባለቤት፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይም ከባንዱ ጋር መድረክ ላይ እስክስታ ወርዷል። የመላኩን ትከሻ ለሚያውቅ፣ የካትሪና ድራም ለእስክስታ እንደሚመች ማስረዳት አያስፈልግም።

በ2009 ሶክ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባንዱን ለቀቀ። ድምፃዊ ሲወጣ ብዙ ባንድ እዚያው ላይ ያከትምለታል። እነዚህ ግን አርኖልድ ደ ቡር የሚባል ሰው ተክተው በ2010 አዲስ አልበም ይዘው መጡ። አርኖልድ ጊታርም ይጫወታል። ስለዚህ ዛሬ ባንዱ ሦስት ጊታርና አንድ ድራም ነው፤ ቤዝ የለም። የጌታቸው ትምህርት ነው መሰል፣ ከዚያ በኋላ ከትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር «ብራስ አንባውንድ» የሚል ስብስብ ፈጥረው ዞሩ። በ2018 ሌላ አልበም ወጣ። ከዚያ ለሰባት ዓመት ያህል አዲስ አልበም አልነበረም። በ2025 አወጡ። ያሳተመው ያው ኤክስ ሬከርድስ ነው።